የማይክሮስትሪፕ አንቴና አሬይ ለመንደፍ፦ ሰብስትሬት፣ መጋቢ መስመርና የፓች ብዛት በንጽጽር

ሁለት ሕንፃዎችን በ5.8 ጊጋኸርትዝ የሚያገናኝ የሬዲዮ አንቴና፣ ማለትም ብዙ ፓቾች በአንድነት የሚሠሩበት የማይክሮስትሪፕ አሬይ፣ ለመንደፍ የሚነሳ መሐንዲስ ወይም የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ገና ከጅምሩ ሦስት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። ፓቾቹ (ኃይሉን ወደ አየር የሚያሰራጩት የመዳብ ቁራጮች) በየትኛው ሰብስትሬት (መዳቡን በሚሸከመው ቦርድ) ላይ ይታተሙ? ኃይሉ ለእያንዳንዱ ፓች በምን ዓይነት መጋቢ መስመር ይድረስ? ስንት ፓች ይበቃል? ብዙ ጊዜ ሦስቱ ለየብቻ ይመለሳሉ፤ ሰብስትሬቱ በቅርብ የተገኘው ይሆናል፣ የመጋቢው አሠራር ከቀደመ ጥናት ይወሰዳል፣ የፓቹ ብዛት ደግሞ ከሚፈለገው ጌይን (አንቴናው ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ከሚያጠናክርበት መጠን) ተነሥቶ በቀላል ስሌት ይወጣል። ሦስቱ ግን አንድ ጥያቄ ናቸው፤ የሚያስተሳስራቸውም ብክነት ነው። ፓች በጨመርን ቁጥር መስመሩ ይረዝማል፤ መስመሩ በረዘመ ቁጥር ሰብስትሬቱ የሚውጠው ኃይል ይበዛል፤ በመጨረሻም በወረቀት ላይ የተቆጠረው ጌይንና አንቴናው በእርግጥ የሚሰጠው ጌይን ይራራቃሉ።

አማራጮቹን በአንድ ሚዛን ለመመዘን አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። ሬዲዮው የሚሠራው ከ5725 እስከ 5850 ሜጋኸርትዝ ባለው ባንድ ነው። የባንዱ ስፋት 125 ሜጋኸርትዝ፣ ማለትም 2.2 በመቶ ያህል ሲሆን የሞገዱ ርዝመት በአየር ላይ 52 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ በታች ያሉት የብክነትና የጌይን አኃዞች በዘርፉ ከታወቁት የማይክሮስትሪፕ ቀመሮች የተሰሉ ናቸው፤ የመዳቡ ብክነት ስላልተካተተባቸው እውነተኛው አንቴና ከእነዚህ በትንሹ ያንሳል። አማራጮችን ለማነጻጸር ግን በቂ ናቸው።

## በምን እንመዝን?

የመጀመሪያው መመዘኛ ከብክነት በኋላ የሚቀረው ጌይን ነው። ዳይሬክቲቪቲ አሬዩ ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚሰበስብ ይናገራል፤ ከገባው ኃይል ውስጥ ስንቱ በሰብስትሬቱ ውስጥ ሙቀት ሆኖ እንደቀረ ግን አይናገርም። ለተጠቃሚው የሚደርሰው ከዳይሬክቲቪቲው ላይ ብክነቱ ሲቀነስ የሚቀረው ነው።

ሁለተኛው ባንድዊድዝ፣ ማለትም አንቴናው በደንብ የሚሠራበት የፍሪኩዌንሲ ስፋት፣ ነው፤ ከእሱ ጋር አብሮ መታየት ያለበት የሰብስትሬቱ መዋዠቅ ነው። አንድ ፓች ባንዱን በሲሙሌሽን መሸፈኑ አይበቃም፤ የሰብስትሬቱ ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት (ቁሱ ሞገዱን ምን ያህል እንደሚያሳጥር የሚናገር ቁጥር) አምራቹ ከሰጠው ቁጥር ትንሽ ቢለይ አንቴናው አሁንም ባንዱ ውስጥ መቆየት አለበት።

ሦስተኛው ፍሪኩዌንሲው ሲለወጥ የዋናው ጨረር አቅጣጫ መጽናቱና የጎን ጨረሮቹ ዝቅ ማለታቸው ነው። አራተኛው ደግሞ የአሠራሩ ውጣ ውረድ ነው፤ ስንት ንብርብር፣ ስንት ብየዳ፣ ምን ያህል ጥብቅ ልኬት፣ ምን ዓይነት የመለኪያ መሣሪያ ይጠይቃል? ዋጋን ለብቻው መመዘኛ አላደረግሁትም፤ ዋጋ በአብዛኛው የሚወጣው ከዚህ ከአራተኛው ነውና።

## ሰብስትሬት፦ ብዙው ነገር የሚወሰንበት

ኤፍአር4። በየትኛውም የሰርኪዩት ቦርድ ማተሚያ የሚገኝ፣ ከሁሉም የረከሰ ሰብስትሬት ነው። ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ ከ4.2 እስከ 4.6 ይዋልላል፤ ሎስ ታንጀንቱ (ቁሱ ከሞገዱ ኃይል ምን ያህል እንደሚውጥ የሚናገር ቁጥር) 0.02 አካባቢ ነው። ይህ መዋለል ቀላል አይደለም። 4.4 ብለን የነደፍነው ፓች በ4.2 ወይም በ4.6 ቦርድ ላይ ቢታተም የሚሠራበት ፍሪኩዌንሲ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች 125 ሜጋኸርትዝ ያህል ይሸሻል፤ ይህ ደግሞ የባንዱ ሙሉ ስፋት ነው። ስለዚህ ንድፉ ፍጹም ትክክል ሆኖ ሳለ የተሠራው አንቴና ሙሉ በሙሉ ከባንዱ ውጭ ሊገኝ ይችላል።

ብክነቱ ደግሞ በሁለት ቦታ ይመጣል። 1.6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ኤፍአር4 ላይ የታተመ የ5.8 ጊጋኸርትዝ ፓች ከተቀበለው ኃይል የሚያሰራጨው 66 በመቶ ያህሉን ነው፤ ይህ የ1.8 ዴሲቤል ብክነት ነው (ዴሲቤል የኃይል ጥምርታ መለኪያ ነው፤ 3 ዴሲቤል እጥፍ ያህል ነው)። ከዚያ በተጨማሪ መጋቢ መስመሩ በየሴንቲ ሜትሩ 0.17 ዴሲቤል ያባክናል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱበትን ነገር በዝርዝር ማየት ይገባል። «ኤፍአር4 ለ5.8 አይሆንም እንጂ ለ2.4 ደህና ነው» ሲባል ይሰማል። ቦርዱ ያው 1.6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለፓቹ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በ2.45 ጊጋኸርትዝ የሞገዱ ርዝመት 122 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቦርዱ ከሞገዱ አንጻር በጣም ይሳሳል፤ ቀጭን ፓች ደግሞ ኃይሉን ለማሰራጨት ስለሚዘገይ ሰብስትሬቱ የሚውጥበት ዕድል ያገኛል። በስሌት የፓቹ ቅልጥፍና ወደ 44 በመቶ ይወርዳል፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይቀራል ማለት ነው። በመስመሩ በኩልም ትርፍ የለም፤ በየሴንቲ ሜትሩ ያለው ብክነት ቢቀንስም መስመሩ በዚያው መጠን ስለሚረዝም ውጤቱ እኩል ነው።

ይህ ብክነት ግን በተለመደው መለኪያ ላይ አይታይም። ኔትወርክ አናላይዘር (ወደ አንቴናው ከተላከው ኃይል ስንቱ እንደተመለሰ የሚለካ መሣሪያ) ላይ የተመላሽ ኃይሉን መጠን ብቻ የሚያይ ሰው ጥሩ ውጤት ያያል፤ እንዲያውም ብክነቱ ኩርባውን ስለሚያሰፋው ባንድዊድዙ ከተጠበቀው የተሻለ ይመስለዋል። ወደ ኋላ ያልተመለሰ ኃይል ሁሉ ወደ አየር ወጣ ማለት አይደለም። በኬብሉ ጫፍ ላይ የተገጠመ የ50 ኦም ሬዚስተር ከማንኛውም አንቴና የተሻለ የተመላሽ ውጤት ይሰጣል፤ አንዳች ነገር ግን አያሰራጭም። በኤፍአር4 ላይ የተሠራን አሬይ ጌይኑን ሳይለኩ «ሠራ» ማለት ስለዚህ ተገቢ አይደለም።

ሴራሚክ የተቀላቀለባቸው የሃይድሮካርቦን ሰብስትሬቶች። የዚህ መደብ የታወቀ ምሳሌ አርኦ4003ሲ ነው። ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንቱ 3.38 ሲሆን ለንድፍ 3.55 ተብሎ ይወሰዳል፤ ሎስ ታንጀንቱ 0.0027 ነው። መዋዠቁ በ0.05 የተገደበ በመሆኑ የፍሪኩዌንሲው ሽሽት 40 ሜጋኸርትዝ ገደማ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ማተሚያ ቤቶች ከኤፍአር4 በማይለይ ሂደት ሊሠሩት መቻላቸው ነው። የመስመሩ ብክነት በሴንቲ ሜትር 0.02 ዴሲቤል አካባቢ፣ ከኤፍአር4 ስምንት ጊዜ ያነሰ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው ውፍረቱ ላይ ነው። በገበያ የተለመደው 0.813 ሚሊ ሜትር ቦርድ ለፓቹ የሚሰጠው ባንድዊድዝ 1.5 በመቶ ብቻ ስለሆነ 2.2 በመቶ የሚፈልገውን ባንዳችንን አይሸፍንም። 1.524 ሚሊ ሜትሩ 2.9 በመቶ ይሰጣል፤ ፓቹም 17 በ13 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ቅልጥፍናው በስሌት ከ90 በመቶ በላይ ነው። የመዋዠቁን 40 ሜጋኸርትዝ ስናስብ ግን ይህም ቢሆን ብዙ የተረፈ ቦታ የለውም።

ፒቲኤፍኢ። ቴፍሎን በሚል ስም የምናውቀው ቁስ ነው፤ የዚህ መደብ ምሳሌ 5880 የሚባለው ሲሆን ኮንስታንቱ 2.20፣ ሎስ ታንጀንቱ 0.0009፣ መዋዠቁም 0.02 ብቻ ነው። በብክነት በኩል ተወዳዳሪ የለውም፤ ውሃም አይመጥም። ይሁን እንጂ ለስላሳ ነው፣ በሙቀት ይለጠጣል፣ ቀዳዳዎቹን በመዳብ ለመለበጥና ንብርብሮችን ለማጣበቅ የተለየ ዝግጅት ይጠይቃል፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው። ለ16 ፓች አሬይ ከሴራሚኩ አንጻር የሚያተርፈው 0.4 ዴሲቤል ያህል ነው። ለዚህች ብቻ ፒቲኤፍኢ መግዛትን አልመክርም። በ256 ፓች ግን ልዩነቱ ከ1 ዴሲቤል ስለሚያልፍ ሒሳቡ ይለወጣል።

አየር ወይም ፎም። ፓቹ ከግራውንድ ገጹ (ከሥሩ ካለው የብረት ገጽ) በላይ በፕላስቲክ ማቆሚያ ወይም በፎም ተደግፎ ይቀመጣል። የሰብስትሬት ብክነት ከሞላ ጎደል የለም፣ ባንድዊድዙም ሰፊ ነው። ችግሩ ቦታ ነው። በ5.8 ጊጋኸርትዝ በአየር ላይ የተቀመጠ ፓች ርዝመቱ ወደ 25 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፤ በ2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ላይ የ50 ኦም መስመር (ኦሙ የመስመሩ ኢምፒዳንስ፣ ማለትም የቮልቴጁና የከረንቱ ጥምርታ ነው) ደግሞ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ይኖረዋል። ፓቾቹ በ36 ሚሊ ሜትር ርቀት ከተደረደሩ በመካከላቸው የሚተርፈው 11 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መስመሩ ፓቹን ሊነካ ይደርሳል። ስለዚህ ይህ አማራጭ የሚያዋጣው ፓቹ ጥቂት ሲሆን ወይም መጋቢው በሌላ ንብርብር ሲሄድ ነው።

## መጋቢ መስመር፦ ኃይሉ በምን መንገድ ይድረስ?

የማይክሮስትሪፕ ፓች ሐሳብ በጆርጅ ዴሻምፕ እ.ኤ.አ. በ1953 ቢቀርብም ተግባራዊ የሆነው በ1970ዎቹ በሮበርት መንሰንና በጆን ሃውል ሥራዎች ነው። ለአሬይ ያስመረጠውም ፓቾቹና የሚመግቧቸው መስመሮች በአንድ ቦርድ ላይ በአንድ ጊዜ መታተማቸው ነው። ይህ ምቾት ግን የራሱ ግጭት አለበት፤ ፓች ለማሰራጨት ወፍራም ሰብስትሬት ይወዳል፣ መስመር ደግሞ ኃይሉን ይዞ ለመጓዝ ቀጭን ሰብስትሬት ይሻል። አራቱ የመጋቢ ዓይነቶች የሚለያዩት ይህን ግጭት በሚያስታርቁበት መንገድ ነው።

ትይዩ መጋቢ። ከአንድ መግቢያ ተነሥቶ እየተሰነጠቀ ለሁሉም ፓቾች የሚደርስ የዛፍ ቅርጽ ያለው መስመር ነው። 50 ኦም መስመር ለሁለት 100 ኦም መስመሮች ይከፈላል፤ ከዚያ በሩብ ሞገድ ርዝመት 70.7 ኦም ትራንስፎርመር ወደ 50 ኦም ተመልሶ እንደገና ይከፈላል። በ1.524 ሚሊ ሜትር አርኦ4003ሲ ላይ የ50 ኦሙ መስመር 3.4፣ የ100 ኦሙ 0.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ስለሚኖራቸው ለመታተም አያስቸግሩም። ወደ እያንዳንዱ ፓች የሚወስደው መንገድ እኩል በመሆኑ ፍሪኩዌንሲው ቢለወጥም ጨረሩ ከአቅጣጫው አይነቃነቅም። የኃይል አከፋፈሉን በማስተካከልም የጎን ጨረሮችን ማውረድ ይቻላል፤ ኃይሉ ለሁሉም እኩል ከተከፈለ የመጀመሪያው የጎን ጨረር ከዋናው በ13 ዴሲቤል ብቻ ስለሚያንስ በአካባቢው ሌሎች ሬዲዮዎች ካሉ ይህ ማስተካከያ ያስፈልጋል። ለጫፍ ፓቾች አነስ ያለ ኃይል ሲሰጥ የጎን ጨረሩ ይወርዳል፣ በምትኩ ዋናው ጨረር ትንሽ ይሰፋል፣ ጌይኑም በጥቂቱ ይቀንሳል።

ጉድለቱ ርዝመቱ ነው። መገንጠያዎቹና መታጠፊያዎቹም ራሳቸው ስለሚያሰራጩ የማይፈለግ ፖላራይዜሽን (የሞገዱ ኤሌክትሪክ መስክ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) ይፈጥራሉ፤ ሰብስትሬቱ በወፈረ ቁጥር ይህ ይብሳል።

ተከታታይ መጋቢ። ፓቾቹ በአንድ መስመር ላይ እንደ ተራ ይሰለፋሉ፤ ኃይሉ አንዱን አልፎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። መስመሩ አጭር፣ ንድፉ ጠባብ፣ ብክነቱም አነስተኛ ነው። ጨረሩ ቀጥ ብሎ እንዲወጣ በፓቾቹ መካከል ያለው ርቀት በመስመሩ ውስጥ ካለው አንድ ሙሉ የሞገድ ርዝመት ጋር እኩል መሆን አለበት፤ በአርኦ4003ሲ ላይ ይህ 31 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው።

ፍሪኩዌንሲው ሲለወጥ ግን ይህ እኩልነት ይፈርስና ጨረሩ ያዘነብላል። በመስመሩ ምክንያት ብቻ፣ የፓቾቹን የራሳቸውን የፌዝ (የሞገድ መዘግየት) ለውጥ ሳንቆጥር፣ ለእያንዳንዱ 1 በመቶ የፍሪኩዌንሲ ለውጥ 1 ዲግሪ ያህል ይሸሻል። ለስምንት ፓች ተራ፣ የጨረሩ ስፋት ወደ 11 ዲግሪ ስለሆነ፣ ይህ ብዙም አይጎዳም። ለ32 ፓች ተራ ግን ጨረሩ 3 ዲግሪ እንኳ ስለማይሞላ በባንዱ ጫፎች ላይ ኢላማውን ሊስት ይችላል። መጋቢውን ከተራው መካከል ማስገባት ጥሩ መፍትሔ ነው፤ ግራና ቀኙ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚያዘነብሉ ዋናው ጨረር ባለበት ይቆያል፣ በባንዱ ጫፎች ላይ ግን ትንሽ ይሰፋል።

ቅይጥ መጋቢ። እያንዳንዱ ተራ በተከታታይ፣ ተራዎቹ እርስ በርስ ደግሞ በትይዩ ይመገባሉ። በአንድ አቅጣጫ የመስመር ርዝመት ይቆጠባል፤ በሌላው አቅጣጫ የጨረሩ ጽናት ይጠበቃል። በ77 ጊጋኸርትዝ በሚሠሩ የመኪና ራዳሮች ላይ ተከታታይ ተራዎች በስፋት የሚታዩት በዚያ ፍሪኩዌንሲ እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር መስመር ውድ ስለሆነ ነው።

በስንጥቅ የሚመገብ ባለብዙ ንብርብር። ዴቪድ ፖዛር እ.ኤ.አ. በ1985 ያቀረበው ይህ አሠራር መስመሩን ከግራውንድ ገጹ በስተጀርባ ያስቀምጠዋል፤ ኃይሉ በገጹ ላይ በተከፈተ ጠባብ ስንጥቅ አልፎ ፓቹን ያነቃቃል። ከላይ ያነሳነውን ግጭት በእውነት የሚፈታው ይህ ብቻ ነው፤ ፓቹ ወፍራምና ቀላል ሰብስትሬት፣ መስመሩ ቀጭን ሰብስትሬት ያገኛሉና። ፓች በፓች ላይ ሲደረብበት ባንድዊድዙ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል፣ የመስመሩም ስርጭት ከፊት ለፊት አይታይም። ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ስንጥቁ፣ መስመሩና ፓቹ በትክክል መገጣጠም አለባቸው፤ በንብርብሮቹ መካከል የቀረች ቀጭን የአየር ክፍተት የፓቹን ፍሪኩዌንሲ ታዛባለች፤ ስንጥቁ ወደ ኋላም ስለሚያሰራጭ ከጀርባ ተጨማሪ አንጸባራቂ ገጽ ያስፈልጋል።

## ስንት ፓች? መጨመር የሚያዋጣው እስከ የት ነው?

የፓቹ ብዛት በእጥፍ ሲያድግ ዳይሬክቲቪቲው በ3 ዴሲቤል ይጨምራል የሚለው ሕግ እውነት ነው፤ ስለ መስመሩ ግን ዝም ይላል። ከታች ያለው ሠንጠረዥ በ0.7 የሞገድ ርዝመት የተራራቁ፣ በትይዩ መጋቢ የሚመገቡ አሬዮችን ያሳያል። «ያለ ብክነት» የሚለው የአሬዩ ገጽ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛው ነው።

| የፓች ብዛት | ያለ ብክነት (ዴሲቤል) | በኤፍአር4 | በአርኦ4003ሲ | የአሬዩ ጎን |
|---|---|---|---|---|
| 4 | 13.9 | 11.5 | 13.5 | 7 ሴ.ሜ |
| 16 | 19.9 | 16.2 | 19.4 | 14 ሴ.ሜ |
| 64 | 25.9 | 19.7 | 25.1 | 29 ሴ.ሜ |
| 256 | 32.0 | 20.7 | 30.5 | 58 ሴ.ሜ |
| 1024 | 38.0 | 16.8 | — | 116 ሴ.ሜ |

የኤፍአር4ን ዓምድ ከላይ ወደ ታች አንብቡት። ከ64 ወደ 256 ፓች ስንሄድ አራት እጥፍ ቦርድ ከፍለን የምናገኘው 1 ዴሲቤል ብቻ ነው። በ1024 ደግሞ ጌይኑ ጭራሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የተጨመረው መስመር የተጨመሩት ፓቾች ከሚሰበስቡት በላይ ይውጣል። ከዚህ የበለጠ ለተራ ንድፍ የሚጠቅመው ግን ሁለተኛው ረድፍ ነው። በ16 ፓች በሁለቱ ሰብስትሬቶች መካከል ያለው ልዩነት 3.2 ዴሲቤል ስለሆነ በተሻለው ሰብስትሬት ላይ የታተሙ 8 ፓቾች በኤፍአር4 ላይ ከታተሙ 16 ፓቾች ጋር ይተካከላሉ። የቦርዱ ስፋት በግማሽ ከቀነሰ የሰብስትሬቱ የዋጋ ልዩነት ከታሰበው ያነሰ ይሆናል። ማገናኛው በሁለቱም ጫፍ ተመሳሳይ አንቴና ከተጠቀመ ልዩነቱ 6.4 ዴሲቤል ይሆናል፤ ይህ ምንም ነገር ባልጋረደው መስመር ላይ የሚደረስበትን ርቀት በእጥፍ የሚለውጥ ነው።

በፓቾች መካከል ያለው ርቀት አጭር ውሳኔ ነው። ጨረሩ ቀጥ ብሎ የሚቆም ከሆነ ከ0.7 እስከ 0.8 የሞገድ ርዝመት ጥሩ ነው፤ ከ1 የሞገድ ርዝመት በታች መሆኑ ግን ግዴታ ነው፣ አለበለዚያ ከዋናው ጋር እኩል የሆነ ሌላ ጨረር በጎን ይወጣል። ጨረሩ በኤሌክትሮኒክስ እስከ 45 ዲግሪ የሚዞር ከሆነ ወሰኑ 0.58፣ እስከ 60 ዲግሪ ከሆነ 0.53 ይሆናል።

## አጠቃላይ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | ብክነት | ባንድዊድዝ | የጨረር ጽናት | አሠራርና ዋጋ |
|---|---|---|---|---|
| ኤፍአር4 + ትይዩ | ከፍተኛ | መካከለኛ፣ ግን አሳሳች | ጥሩ | በጣም ቀላል፣ ርካሽ |
| ሴራሚክ + ትይዩ | ዝቅተኛ | ከ2 እስከ 3 በመቶ | በጣም ጥሩ | ቀላል፣ መካከለኛ |
| ሴራሚክ + ተከታታይ | ከሁሉም ዝቅ ካሉት | ጠባብ | ከጫፍ ሲመገብ ደካማ | ቀላል፣ መካከለኛ |
| ሴራሚክ ወይም ፒቲኤፍኢ + ቅይጥ | ዝቅተኛ | ጠባብ እስከ መካከለኛ | በአንድ አቅጣጫ ጥሩ | መካከለኛ |
| ፒቲኤፍኢ + ትይዩ | እጅግ ዝቅተኛ | ከ3 በመቶ በላይ | በጣም ጥሩ | ጥንቃቄ የሚሻ፣ ውድ |
| አየር ወይም ፎም፣ ጥቂት ፓች | እጅግ ዝቅተኛ | ሰፊ | ጥሩ | በእጅ የሚሠራ፣ ርካሽ |
| በስንጥቅ የሚመገብ | ዝቅተኛ | እስከ 20 በመቶና በላይ | በጣም ጥሩ | አስቸጋሪ፣ ውድ |

## እንደ ፍላጎትና እንደ አቅም

በጀቱ ጥቂት ለሆነ ተማሪ። ዓላማው የአሬይን አሠራር ተረድቶ ለክቶ ማሳየት ከሆነ በ2.45 ጊጋኸርትዝ አራት ፓች በአየር ላይ መሥራት ከኤፍአር4 የተሻለ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። የመዳብ ወይም የነሐስ ቆርቆሮ፣ የአሉሚኒየም ገጽ፣ የፕላስቲክ ማቆሚያና አንድ ኤስኤምኤ የሚባል ትንሽ የኬብል ኮኔክተር ይበቃሉ፤ መስመሮቹን 100 ኦምና ከዚያ በላይ አድርጎ መንደፍ ስፋታቸውን ይቀንሳል። ፓቹ በመቀስ ሊስተካከል ስለሚችል እያንዳንዱ ስህተት አዲስ ቦርድ ማዘዝን አይጠይቅም፤ ይህ በተለይ ቦርዱ ከውጭ አገር ታዝዞ ሳምንታት ለሚጠበቅበት ሰው ትልቅ ነገር ነው። ኤፍአር4 የግድ ከሆነ ከአራት ፓች አትለፉ፤ በጥናቱ ላይም ከተመላሽ ኃይሉ ጎን ለጎን የተለካ ጌይን አቅርቡ።

በካምፓስ ወይም በድርጅት ሕንፃዎች መካከል ለሚዘረጋ የ5.8 ጊጋኸርትዝ ማገናኛ። ሴራሚክ ሰብስትሬት በ1.524 ሚሊ ሜትር፣ ትይዩ መጋቢ፣ 16 ፓች ለአጭር ርቀት፣ 64 ለረጅሙ። የ16ቱ ጨረር 18 ዲግሪ ያህል ስለሚሰፋ አንቴናውን ማነጣጠር ቀላል ነው፤ የ64ቱ ወደ 9 ዲግሪ ስለሚጠብ የምሰሶው ጽናት መታሰብ አለበት። የዝናብ መከላከያ ሽፋኑ ከፓቹ ጋር ከተጠጋ ፍሪኩዌንሲውን ዝቅ ስለሚያደርገው ከመጀመሪያው በሲሙሌሽኑ ውስጥ ይግባ። ከሚገዛው ወይም ከሚሠራው ጌይን ጋር የሚፈቀደው አጠቃላይ የስርጭት ኃይል አብሮ መታየት አለበት፤ በኢትዮጵያ ይህን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ ከንድፉ በፊት ለባንዱ ያወጣውን ገደብ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ለሞባይል ጣቢያ አንቴና። ከ3.3 እስከ 3.8 ጊጋኸርትዝ ያለውን ባንድ በሙሉ መሸፈን 14 በመቶ ባንድዊድዝ ይጠይቃል። በተለመደ ቀጭን ሰብስትሬት ላይ የታተመ ተራ ነጠላ ንብርብር ፓች አይደርስበትም። እዚህ በስንጥቅ የሚመገብና የተደራረበ ፓች ወጪው ተገቢ ነው፤ ሁለት ፖላራይዜሽን ለመጨመርም የተሻለው መንገድ እሱ ነው።

ለ24 ወይም ለ77 ጊጋኸርትዝ ራዳር። ባንዱ ጠባብ ከሆነ ተከታታይ ተራዎች፣ ከተቻለ ከመካከል የሚመገቡ።

ለ28 ጊጋኸርትዝ የሚዞር ጨረር። የሞገዱ ርዝመት 10.7 ሚሊ ሜትር ብቻ በሆነበት በዚህ ባንድ ኤፍአር4 በሴንቲ ሜትር 0.8 ዴሲቤል ያህል ይውጣል፤ በጥሩ ሰብስትሬት እንኳ ረጅም የትይዩ መጋቢ አይመከርም። ማጉያውንና የፌዝ ማዞሪያውን የያዘው ቺፕ ከፓቾቹ ጀርባ ተቀምጦ ኃይሉ በአጭር ቪያ (ንብርብሮችን በሚያገናኝ በመዳብ የተለበጠ ቀዳዳ) ይድረስ። ይህ ባለብዙ ንብርብር ቦርድና የሙቀት ማስወገጃ ስለሚጠይቅ በግል በጀት የሚሞከር አይደለም።

## ሙሉውን አሬይ ከማዘዝ በፊት

የትኛውም አማራጭ ቢመረጥ ከመጀመሪያው ትዕዛዝ ላይ ትንሽ የሙከራ ቁራጭ አብሮ ይታተም፤ አንድ ብቸኛ ፓች፣ አንድ አጭርና አንድ ረጅም የ50 ኦም መስመር። ሁለቱ መስመሮች የሚያሳልፉት ኃይል ተለክቶ ሲቀናነስ የኮኔክተሮቹ ብክነት ይጠፋፋል፤ የቀረው ለርዝመታቸው ልዩነት ሲካፈል የዚያ ቦርድ እውነተኛ የሴንቲ ሜትር ብክነት፣ የመዳቡን ጨምሮ፣ ይገኛል። ብቸኛው ፓች ደግሞ የሰብስትሬቱን ኮንስታንት ይናገራል። ለምሳሌ በ5.79 ጊጋኸርትዝ እንዲሠራ የተነደፈው ፓች በ5.70 ላይ ከተገኘ የ13 ሚሊ ሜትሩ ርዝመት በ0.2 ሚሊ ሜትር ማጠር አለበት፤ ያው እርማት በአሬዩ ፓቾች ሁሉ ላይ ይደረጋል፣ መስመሮቹም በአዲሱ ኮንስታንት እንደገና ይሰላሉ። ጌይኑን ለመለካት ደግሞ የግድ ልዩ የመለኪያ ክፍል አያስፈልግም። ለ16 ፓች አሬይ የሩቅ መስክ (ጨረሩ ቋሚ ቅርጹን የሚይዝበት ርቀት) የሚጀምረው ከ1.6 ሜትር፣ ለ64 ፓች ከ6.5 ሜትር ርቀት ላይ ስለሆነ፣ ሁለት ተመሳሳይ አንቴናዎችን ከዚህ በራቀ ቦታ፣ ከመሬትና ከግድግዳ ከፍ አድርጎ ገላጣ ጣሪያ ላይ ፊት ለፊት ማቆም በቂ ነው።